ከማሲንቆ እስከ ቻምበር ሙዚቃ፦ የአዝማሪ ጥበብ ወደ ኖታ የተሻገረበት መንገድ ለወላይታ ምን ያስተምራል?

ወላይታ ሶዶ፦ የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ በሠርግ ቤት፣ በበዓል አደባባይና በባህል ምሽት ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ የአገራችን የሙዚቃ ደራሲያን የአዝማሪውን፣ የእረኛውንና የበገና ደርዳሪውን ዜማ መነሻ በማድረግ በቫዮሊን፣ በክላርኔት፣ በፒያኖና በሌሎችም መሣሪያዎች የሚቀርቡ ድርሰቶችን ለዓለም አበርክተዋል። በዚህ መንገድ ቀድመው ከተጓዙት አንዱ የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ይመረምራል። አዝማሪ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው? ጥበቡ በኖታ ተጽፎ በአዳራሽ ሲቀርብ ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል? የራሱ የሆነ የዳበረ ሙዚቃ ያለው የወላይታ ሕዝብስ ከዚህ ታሪክ ምን ሊወስድ ይችላል? ሦስተኛው ጥያቄ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሙዚቃው የበቀለበት የገጠር ኑሮ በዐይናችን ፊት በፍጥነት እየተለወጠ ነውና።

አዝማሪ፦ ዜማ፣ ግጥምና ወሬ በአንድ ሰው

«አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከመንደር መንደር፣ ከሠርግ ወደ ተዝካር፣ ከመሳፍንት አዳራሽ ወደ ጠጅ ቤት የሚዘዋወር ባለሙያ ሆኖ ኖሯል። በመካከለኛው ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ «ትሩባዱር» ይባሉ ከነበሩት ገጣሚ ዘማሪዎች ጋር የሚነጻጸረውም ግጥሙንም ዜማውንም ከራሱ እያፈለቀ በየአዳራሹ የሚያቀርብ በመሆኑ ነው። ልዩነቱ የትሩባዱሮቹ ዘመን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሲያከትም አዝማሪው ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑ ነው።

የአዝማሪ መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው። ማሲንቆ አራት ማዕዘን ባለው የእንጨት ሣጥን ላይ ቆዳ ተወጥሮበት፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር ብቻ ተዘርግቶበት የሚሠራ ነው። ድምፁ የሚወጣው ራሱም የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ሲገዘገዝ ነው። ተጫዋቹ ክሩን እንደ ጊታር ተጫዋች እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፤ በጣቶቹ ከጎን ይነካዋል እንጂ። በዚህም ምክንያት በሁለት ድምፆች መካከል መንሸራተት፣ ማንቀጥቀጥና እንደ ሰው ልጅ ማልቀስ ይችላል። አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ይህን ያህል መናገር መቻሉ ለሙዚቃ ተመራማሪዎች ትልቅ መስህብ ሆኗል።

ሆኖም የአዝማሪ ዋና ሀብት ግጥሙ ነው። ግጥሙን በቅጽበት ይፈጥራል፤ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ያወድሳል፣ ይጎነትላል፣ ያስቃል። አድማጩም ዝም ብሎ አይሰማም፤ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሰምና ወርቅ የሚባለው የቅኔ ስልት እዚህ ላይ ያገለግላል። ላይ ላዩን ስለ ፍቅር የሚመስለው ስንኝ ውስጡ ስለ ፍርድ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ሹም ሊናገር ይችላል። በጋዜጣ ፊት በሌለበት ዘመን አዝማሪው ዜና አድራሽም፣ ሐያሲም ነበር።

ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የተከፈለው ግን ክብር አልነበረም። ኅብረተሰቡ በአዝማሪው ይደሰት እንጂ ልጁን ሊድርለት አይወድም፤ ስሙም ለስድብ ይውል ነበር። ይህ ለእኛ አካባቢ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በወላይታና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በምርታቸው እየተገለገልንባቸው በማኅበራዊ ኑሮ ሲገለሉ ኖረዋል። የሚናቅ ባለሙያ ልጁን ሙያውን ለማስተማር አይደፍርም፤ ሙያው የሚጠፋበት አንዱ በርም ይኸው ነው።

ቻምበር ሙዚቃ ምንድን ነው?

«ቻምበር» ክፍል ማለት ነው። ቻምበር ሙዚቃ በመጀመሪያ በትልቅ አዳራሽ ሳይሆን በቤት ክፍል ውስጥ ለጥቂት አድማጮች እንዲቀርብ የተጻፈ የአውሮፓ ሙዚቃ ነው። ከሁለት እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚደርሱ ተጫዋቾች ይሳተፉበታል። በጣም የታወቀው ዓይነት «ስትሪንግ ኳርቴት» የሚባለው ሲሆን ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይኖሩታል።

ከትልቁ ኦርኬስትራ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። በኦርኬስትራ አሥር ወይም ሃያ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ዜማ በአንድነት ይጫወታሉ፤ በቻምበር ሙዚቃ ግን አንዱ ቢሳሳት የሚሸፍንለት የለም። ሁለተኛው፣ ዱላ ይዞ ከፊት የሚቆም መሪ የሌለ መሆኑ ነው። ተጫዋቾቹ በትንፋሽ፣ በዐይንና በጆሮ ይግባባሉ። ጥሩ ደቦ እንደሚሠራው ነው፤ አለቃ ባይኖርም ሁሉም የጎረቤቱን ክንድ እያየ እኩል ይራመዳል።

የአዝማሪ ጨዋታና የቻምበር ሙዚቃ የሚቀራረቡት በዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በጠባብ ክፍል፣ በቅርብ ለተቀመጠ አድማጭ የሚቀርቡ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድን ተጫዋች ድምፅ በግልጽ ያሰማሉ። የሚራራቁት ደግሞ አንዱ በቅጽበት የሚፈጠር፣ ሌላው አስቀድሞ በኖታ የተጻፈ በመሆኑ ነው።

አሸናፊ ከበደ፦ አስቀድመው ሰበሰቡ፣ ቀጥለው ጻፉ

አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙ ሲሆን፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የውጭውን ሙዚቃ በሚገባ የተማሩ ሰው የአውሮፓን ስልት ብቻ ማስተማር በቻሉ ነበር። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ አገር ቤት ባለሙያዎች መለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1969 የአማራ አዝማሪዎችን ሙዚቃ የያዘ ሸክላ በአሜሪካ እንዲታተም አደረጉ። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ባቀረቡት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1975 ስለ አዝማሪ ገጣሚና ሙዚቀኛነት የጻፉት ጥናት በታወቀ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ1977 ደግሞ ስለ ክራር የጻፉት ተከተለ። በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት መጽሐፍ አሳተሙ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1998 አረፉ።

ከድርሰቶቻቸው መካከል በዋሽንት ነፊው እረኛ ስም የሚታወቀው የኦርኬስትራ ሥራና «ኮቱራሲያ» የተባለው የቻምበር ሙዚቃ ይገኙበታል። «ኮቱራሲያ» የተጻፈው ለአራት መሣሪያዎች ነው፤ ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን ባህላዊ የክር መሣሪያ።

ልብ ሊባል የሚገባው የሥራቸው ቅንጅት ነው። አሸናፊ ደራሲ ብቻ አልነበሩም፤ መስክ ወርደው የቀረጹ፣ የመደቡ፣ የመሣሪያውን አሠራርና የባለሙያውን ኑሮ ያጠኑ ሰው ነበሩ። በግብርና ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን አካሄድ ወዲያው ያውቀዋል። የተሻሻለ ዘር የሚያወጣ ተመራማሪ ሥራውን ከቤተ ሙከራ አይጀምርም፤ ገበሬው ለዘመናት መርጦ ያቆየውን አገር በቀል ዝርያ ከነስሙና ከነጠባዩ በመሰብሰብ ይጀምራል። ያልተሰበሰበ ዝርያ አይዳቀልም። ያልተሰበሰበ ዜማም እንዲሁ ነው።

አምባሰልና ኮቶ የተገናኙበት

የኢትዮጵያንና የጃፓንን መሣሪያ ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን በቅኝት ያገኘዋል። ቅኝት አንድ ዜማ የሚመላለስባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። በአገራችን ሰሜናዊና መካከለኛ ክፍል የታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አምስት ድምፆች አሏቸው።

በፒያኖ ላይ ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ ቀጥኖ እስኪመለስ ድረስ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። አምስቱ የቅኝት ድምፆች እነዚህን 12 እርምጃዎች እንዴት እንደሚከፋፈሏቸው የቅኝቱን ጠባይ ይወስናል። ትዝታ በዋናው መልኩ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 እያለ ይራመዳል፤ እርምጃዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ዜማው የለሰለሰ ነው። አምባሰል ግን 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይላል። አንድ ጊዜ በጣም ጠባብ፣ ወዲያው በጣም ሰፊ እርምጃ ስለሚከተል ድምፁ ሆድ ያባባል።

የጃፓኑ ኮቶ በተለምዶ 13 ክሮች ያሉት ረጅም መሣሪያ ነው። በስፋት ከሚቃኝባቸው መንገዶች አንዱ «ሂራጆሺ» ይባላል። የዚህ ቅኝት አምስት ድምፆች በተርታ ሲደረደሩ ያው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 የሚለው እርምጃ ይገኝባቸዋል። ሁለቱ ሕዝቦች በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ሳለ ተመሳሳይ የድምፅ መሰላል ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ጃፓናውያን የኢትዮጵያን ዘፈን፣ ኢትዮጵያውያንም የጃፓንን ሲሰሙ ባዕድነት የማይሰማቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በእርግጥ ዝምድናው ሙሉ አይደለም። ከላይ የተሰጡት ቁጥሮች የፒያኖ መለኪያዎች ናቸው። የማሲንቆ ወይም የክራር ተጫዋች መሣሪያውን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ አንዱ ድምፅ ከፒያኖው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያም ስሕተት ሳይሆን የአካባቢው ጣዕም ነው። ቫዮሊንና ኮቶ ግን በእጅ የሚስተካከሉ ስለሆኑ ከፒያኖ ይልቅ ለዚህ ጣዕም ይመቻሉ። ለቻምበር ሙዚቃ ደራሲ የመሣሪያ ምርጫ ቀላል ጉዳይ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሲሻገር ምን ይቀራል?

የአዝማሪው ጨዋታ ወደ ኖታ ሲሻገር የሚያገኘው ብዙ ነው። አንደኛ፣ ዕድሜ ያገኛል፤ ባለሙያው ቢሞት ወረቀቱ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ባዕድ አገር ያለ ተጫዋች ሊያቀርበው ይችላል። ሦስተኛ፣ አንድ ብቻውን የነበረው ዜማ ጓደኞች ያገኛል፤ ቫዮሊኑ ሲያዜም ክላርኔቱ ሊመልስለት፣ ሌላው ከሥር ሊያጅበው ይችላል። አዝማሪው ከአድማጩ ጋር የሚያደርገው መቀባበል በመሣሪያዎች መካከል ይሆናል።

የሚያጣውም አለ፤ ከሁሉ በፊት ግጥሙን ያጣል። ቫዮሊን ሰም እንጂ ወርቅ የለውም፤ ስለ ሹሙ የተሰነዘረውን ጉንተላ በክሩ ሊናገረው አይችልም። ቀጥሎ ቅጽበታዊነቱን ያጣል። ትናንት የተጫወተው ነገ አይደገምም የሚባለው የአዝማሪ ኩራት በኖታ ላይ ይታሰራል። በመጨረሻም ጥቃቅኑን ያጣል፤ መንሸራተቱን፣ ማንቀጥቀጡን፣ የደጋኑን ሻካራ ትንፋሽ የኖታ ምልክቶች በከፊል ብቻ ይይዙታል።

ስለዚህ የተዋጣለት ድርሰት የአዝማሪውን ዜማ ገልብጦ በቫዮሊን የሚያስጮህ አይደለም። ዜማውን ብቻ የወሰደ ደራሲ ቅጠሉን ቆርጦ ሥሩን እንደተወ ነው። አዝማሪው እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚጀምር፣ አንድን ሐረግ እንዴት እያሻሻለ እንደሚደጋግም፣ መቼ ዝም እንደሚል ያጠና ደራሲ ግን አዲስ ነገር ሲጽፍ እንኳ አድማጩ ያውቀዋል።

ሌሎች የተጓዙባቸው መንገዶች

አሸናፊ ብቻቸውን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረቱ። ይህ ቡድን በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ፤ የአገር ቤቱን ዜማ ወደ ቫዮሊን ከማሻገር ይልቅ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰባስቦ በኅብረት እንዲጫወቱ አደረገ። ከዚያ በፊት ብቻውን መጫወት የለመደው አዝማሪ ከሌላ ሕዝብ መሣሪያ ጋር መናበብን ተማረ። ቡድኑን በኋላ ተስፋዬ ለማ ለረጅም ጊዜ መርተውታል።

ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ሌላው ምሳሌ ናቸው። በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ የነበሩት ግርማ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በቡልጋሪያ መዲና በሶፊያ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የፒያኖ አልበማቸው ውስጥ ዋሽንት ስለያዘ እረኛ የሚያወሳ ድርሰትና በአምባሰል ስም የተሰየመ ሥራ ይገኛሉ። የአሸናፊም የግርማም ድርሰት ስለ እረኛ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። ለኢትዮጵያዊ ደራሲ የዜማ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የግጦሽ ሜዳ ነው።

የበገና ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። በገና ደርዳሪ አዝማሪ አይደለም፤ አሥር ክር ያለው በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ሲሆን ደርዳሪውም በኅብረተሰቡ የተከበረ ነው። «ክሮኖስ ኳርቴት» የተባለው የአሜሪካ የክር መሣሪያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አልበም ውስጥ ከታወቁት የበገና መምህር ከዓለሙ አጋ ሥራ «ተው ስማኝ አገሬ»ን ለኳርቴት አስቀናብሮ ተጫውቷል።

ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በሃንጋሪ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ የድምፅ መቅረጫ ተሸክመው በየገጠሩ በመዞር በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬ ዜማዎችን ሰበሰቡ፤ የባርቶክ ኳርቴቶች ያለዚያ ድካም አይታሰቡም። ሮማኒያዊው ጆርጅ ኤኔስኩም እ.ኤ.አ. በ1940 ለቫዮሊንና ለፒያኖ የልጅነት ትዝታዎቹን ሲጽፍ የመጀመሪያውን ክፍል ለመንደሩ ዘዋሪ ቫዮሊን ተጫዋች ሰጠው። በዚያ ክፍል ፒያኖው ዝም ይላል፤ ቫዮሊኑ ብቻውን ይናገራል። ኤኔስኩ መንደርተኛውን ተጫዋች ያከበረው ባለማጀብ ነው ማለት ይቻላል።

የወላይታ ዘር የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ቤታችን ይመለሳል። ማሲንቆ ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞር አዝማሪ የሰሜኑ መለያ ነው። ወላይታ ሙዚቃውን የገነባው በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው። የጊፋታ በዓል ሲደርስ፣ ሠርግ ሲሆን፣ ትልቅ ሰው ሲያርፍ የሚሰማው ብቻውን የሚጫወት ሰው ሳይሆን የማኅበረሰቡ ድምፅ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባው፣ ከበሮውና የወገብ እንቅስቃሴው የዜማው አካል ነው። እንደ ዛዬና ዲንኬ ያሉ የትንፋሽ መሣሪያዎችም ለትልልቅ ሥነ ሥርዓቶች ክብር ሲሰጡ ኖረዋል።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሕዝቦች ሙዚቃ ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ ባሕርይ አለው። በዲራሼ ፊላ በሚባለው ጨዋታ እያንዳንዱ ነፊ ቁመቱ የተለያየ ቀሰም ይዞ የራሱን ድምፅ በተራው ያሰማል፤ ዜማው የሚወለደው ሁሉም ድርሻቸውን በትክክለኛው ቅጽበት ሲሰጡ ነው። የጋሞ ዶርዜዎች ዝማሬ ደግሞ የተለያዩ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ በማስኬዱ በዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ቻምበር ሙዚቃ እያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ድርሻ ይዞ ያለ መሪ የሚግባባበት ጥበብ ነው ብለናል። በዚህ መለኪያ የደቡብ ሙዚቃ ከሰሜኑ አዝማሪ ይልቅ ለቻምበር ሙዚቃ ይቀርባል። አሸናፊ አንድ ክር ላይ የነበረን ጥበብ ለአራት መሣሪያዎች የማከፋፈል ፈተና ነበረባቸው። ነገ የሚነሣ የወላይታ ደራሲ ግን ክፍፍሉን አያቶቹ ሠርተው ጨርሰውለት ያገኘዋል። ስለዚህ ከአሸናፊ መቅዳት ያለበት የድርሰታቸውን መልክ ሳይሆን የሥራቸውን ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ መሰብሰብ፣ ከዚያ ማጥናት፣ ከዚያ መጻፍ።

የወላይታ ምት በዘመናዊ ዘፈን ውስጥ በስፋት እንደሚሰማ ማንም ያውቃል። ነገር ግን በኪቦርድ ውስጥ የገባው በአብዛኛው ምቱ ነው። ዜማው የሚመላለስባቸው ቅኝቶች፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አከፋፈል፣ የለቅሶው ግጥም አብረው አልገቡም። አንድ ዝርያ ብቻ በሰፊው ተዘርቶ የቀሩት ሲጠፉ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ሀብቱ ግን ቀንሷል።

መኖሪያው ሲጠብ ዜማው ይጠባል

ሙዚቃ የሚኖረው በጥቅም ላይ ሲውል ነው። ወላይታ በአገራችን የገጠር ሕዝብ ጥግግት ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የቤተሰብ ይዞታ እየተከፋፈለ፣ የጋራ ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ ከብት ታስሮ መኖ እየታጨደ የሚቀርብበት አሠራር ይስፋፋል። ይህ ለአፈር ጥበቃ መልካም ነው። ልጆችም ከሜዳ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው የሚያስደስት ነው። ነገር ግን እረኛው ሜዳውን ሲለቅ ዋሽንቱም ሥራ ይፈታል።

መሣሪያዎቹ ራሳቸውም ከመሬቱ የተገኙ ናቸው። ዋሽንት ሸምበቆ ይፈልጋል፤ ቀንደ መለከት የዱር እንስሳ ቀንድ ይፈልጋል፤ ከበሮ ትልቅ ግንድ ይፈልጋል፤ ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ይፈልጋል። ረግረጉ ሲደርቅ፣ ደኑ ሲመነጠር፣ የዱር እንስሳቱ ሲሰደዱ መሣሪያ ሠሪውም ዕቃ ያጣል። የሙዚቃ ጉዳይ የባህል ቢሮ ጉዳይ ብቻ ነው የምንል ከሆነ ግማሹን ነገር ስተናል፤ የተፈጥሮ ሀብት ጉዳይም ነው።

ከእንሰት የምንማረው አለ። በወላይታ «ኡታ» የሚባለው እንሰት ብዙ ዝርያ አለው፤ እያንዳንዱ በስሙ፣ በጣዕሙና በጥቅሙ የሚለይ ሲሆን ከሁሉ በላይ የሚያውቁትም እናቶች ናቸው። እንሰት በማሳ ላይ የሚራባው በፍሬ ሳይሆን ከአሚቾው በሚፈላ ችግኝ ነው። ችግኝ ሳያፈላ የተነቀለ ዝርያ ተመልሶ አይገኝም። ለዚህም ነው በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንሰት ዝርያዎች በማሳ ላይ ተተክለው የሚጠበቁት። አጠውልግ በሽታ ሲመጣ መፍትሔ የሚፈለገው ከዚያ ስብስብ ውስጥ ነው። በአገር ደረጃም የዕፅዋት ዘር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል። ዜማም እንደ እንሰት ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ካልፈላ በስተቀር ዘር የለውም።

እንዴት ይሰብሰብ?

የመሰብሰብ ሥራ ዛሬ እንደ ባርቶክ ዘመን ከባድ መሣሪያ መሸከም አይጠይቅም። በየቀበሌው በሚገኝ የእጅ ስልክ ጥሩ ቅጂ ማግኘት ይቻላል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የልማት ሠራተኞችና የባህል ባለሙያዎች ሊካፈሉት የሚችሉት ሥራ ነው። ቅጂው ለደራሲም ለተመራማሪም የሚጠቅመው ግን የሚከተሉት ሲሟሉ ነው።

በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቅ። ባለሙያው ምን እንደሚቀረጽ፣ ለምን እንደሚቀረጽና የት እንደሚቀመጥ ይነገረው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት እውቅና ሰጥቷል፤ አዝመራውን ያላመረተ ሰው እንደማይሸጠው ሁሉ የሌላውን ድምፅም ያለ ፈቃዱ መሸጥ አይገባም። የማኅበረሰብ ዕውቀትን በተመለከተም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብ ከሚገኘው ጥቅም ይካፈላል።

ቀጥሎ ቅጂው ከነታሪኩ ይያዝ። የተጫዋቹ ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ዜማው በምን ጊዜ እንደሚዜም፣ ከማን እንደተማረው፣ መሣሪያው ከምን እንደተሠራ ይመዝገብ። ስምና ቦታ የሌለው ዘር በዘር ባንክ ዋጋ እንደማይኖረው ሁሉ ታሪክ የሌለው ቅጂም ዋጋው ይቀንሳል። ግጥሙ በወላይትኛ እንደተባለ ይጻፍ፤ ትርጉሙ ኋላ ሊመጣ ይችላል።

በኅብረት ለሚቀርብ ሙዚቃ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድነት ሲጫወቱ ከተቀረጸ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድርሻ ለብቻው ደግሞ ይጫወት። እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደሚገባ መለየት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው፤ ወደፊት ለአራት መሣሪያዎች የሚጽፍ ደራሲም ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም ቅጂው ከአንድ ስፍራ በላይ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል። አንዱ ቅጂ ለባለሙያው ቤተሰብ፣ አንዱ ለትምህርት ተቋም፣ አንዱ ለባህል ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ ጥፋቱ ይርቃል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ባለሙያው ሊከበር ይገባል። አዝማሪው ሙያውን ይዞ የቆየው በንቀት ውስጥ ነበር፤ አሸናፊ በጥናታቸው ገጣሚና ሙዚቀኛ ብለው ሲጠሩት የነፈግነውን ስም መለሱለት። በወላይታ ቀበሌዎች የሚኖሩት መለከት ነፊዎች፣ ዋሽንት ጠራቢዎችና ሙሾ አውጪ እናቶችም ይህንኑ ክብር ይጠብቃሉ። የጊፋታ ሰሞን ቤተሰብ የሚሰባሰብበት፣ አረጋውያን ቁጭ ብለው የሚያጫውቱበት ጊዜ ነው። በየቤቱ አንድ ዜማ ከነባለቤቱ ስም ቢቀረጽ ነገ የሚነሣው ደራሲ ባዶ ማሳ ላይ አይቆምም።